ከረገፈ ቅጠል ውስጥ የወጣችው ጅራት የለሽ “ጊንጥ”፦ ምንድን ናት? ፈነሉስ ለምን ባዶ ቀረ?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ “ከአንድ የመካከለኛው አውሮፓ የቢች (ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ) ጫካ የረገፈ ቅጠል አምጥተን ነጭ ጨርቅ ላይ ስናራግፍ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቡናማ ፍጥረት አገኘን። መጀመሪያ መዥገር መስላን ነበር። በአጉሊ መነጽር ስናያት የጊንጥ ጉጠት አላት፣ ጅራት ግን የላትም፤ ስንነካት ወደ ኋላዋ ሮጠች። ሌሎች ለማግኘት ብለን ፈነል ሠራን፤ ቅጠሉ ከላይ ሲሞቅ ውስጡ ያሉት ትንንሽ እንስሳት ወደ ታች ወደ ጠርሙስ የሚወርዱበት ማጥለያ ማለት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቅጠል ጠቅጥቀን፣ ባለ60 ዋት አምፖል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን ሰቅለን 2 ቀን አቆየነው። ማይት (የመዥገር ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት) እና ስፕሪንግቴይል (አፈርና ቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ዘላዮች) በብዛት ወረደ፤ የእሷ ዓይነት ግን አንድም አልወጣም። ምንድን ናት? ትናደፋለች? የት ላይ ተሳሳትን? እስከ ዝርያ ስሟስ መድረስ እንችላለን?”

ያገኛችኋት ሐሰተኛ ጊንጥ ናት፤ በእንግሊዝኛው አጠራር ሱዶስኮርፒዮን የምትባለው። ከሸረሪት፣ ከጊንጥ፣ ከመዥገርና ከማይት ጋር በአንድ ትልቅ ወገን፣ በአራክኒዶች ውስጥ ትመደባለች። እስካሁን ከ4,000 በላይ ዝርያዎቿ ስም ወጥቶላቸዋል። አብዛኞቹ ከ5 ሚሊ ሜትር አያልፉም፤ ከሁሉ የሚገዝፈው በአትላንቲክ ውቅያኖስ በአሴንሽን ደሴት የሚኖረው ጋሪፐስ ቲታኒየስ እንኳ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወገኑ ግን ጥንታዊ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ጊልቦአ ከተባለ ቦታ የወጣው ድራኮኬላ የተሰኘ ቅሪተ አካል ዕድሜው ወደ 380 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ያኔም ቢሆን ሐሰተኛ ጊንጥነቱ በግልጽ ይታወቅ ነበር።

ከመዥገር የሚለያት ጉጠቱ ብቻውን ይበቃል፤ መዥገር ጉጠት የለውም። ከእውነተኛ ጊንጥ ግልገል የሚለያት ደግሞ ሆዷ ነው። የጊንጥ ግልገል ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ጅራቱ ከነመናደፊያው አብሮት አለ። የሐሰተኛዋ ሆድ ግን ሰፋ ብሎ፣ ከኋላ ክብ ሆኖ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥል ነገር የለም።

መናደፍን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ መናደፊያ የላትም። መርዝ ግን ብዙዎቹ አላቸው፤ የሚገኘውም በጉጠታቸው ጣት ውስጥ ነው። ጉጠቱን እንደ እጅ አስቡት፦ መዳፍ አለው፣ ከመዳፉ ጋር የተያያዘና የማይነቃነቅ ቋሚ ጣት አለው፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ተንቀሳቃሽ ጣት አለው። ኒዮቢሲዴ በተባለው ቤተሰብ መርዙ የሚወጣው በቋሚው ጣት ጫፍ ብቻ ነው። ክቶኒዴ የተባሉት ጭራሽ መርዝ የላቸውም፤ ያደኑትን በጉልበት ይዘው ነው የሚቦጫጭቁት። ያም ሆነ ይህ መርዙ የሚሠራው በስፕሪንግቴይል፣ በማይትና በትንንሽ የዝንብ እጮች ላይ ነው፤ የሰው ቆዳ መብሳት አይችልም። ከዚህ ሥራ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ እናንተ የምታጣሩት ቅጠል የመዥገርም መኖሪያ ነው። የሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲ ውስጥ አስገቡ፣ ስትመለሱም ሰውነታችሁን ፈትሹ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ባዶው ፈነል።

ይህን መሣሪያ መጀመሪያ የሠራው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌዜ ነው፤ በ1905 ሲያስተዋውቀው ሙቀቱን የሚሰጠው በፈነሉ ዙሪያ ያለ ሙቅ ውኃ ነበር። በ1918 ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን ውኃውን ትቶ ከላይ የኤሌክትሪክ አምፖል ሰቀለበት። የተሻሻለው ነገር የሙቀቱ ምንጭ ብቻ አልነበረም። ሙቀት ከላይ ብቻ ሲመጣ ቅጠሉ ከላይ ወደ ታች በየደረጃው ይደርቃል፤ ከታች ያለው እርጥብና ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። ሥራውን የሚሠራው ይህ ልዩነት ነው። ብዙ ሰው አምፖሉ እንስሳቱን በብርሃንና በሙቀት የሚያባርራቸው ይመስለዋል፤ ስለዚህ “ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ቶሎ ይወርዳሉ” ብሎ ትልቅ አምፖል ይገዛል። እንስሳቱ ግን የሚሸሹት ድርቀትን ነው፤ የሚሄዱትም እርጥበትን ተከትለው ነው። ድርቀቱ ከእነሱ እርምጃ ከፈጠነ ደርሶ ይይዛቸዋል።

ሐሰተኛ ጊንጥ ደግሞ ቀርፋፋ ናት። በደህና ቀን እንኳ ጉጠቷን ወደ ፊት ዘርግታ እየዳሰሰች ነው የምትራመደው። የምትኖረው እርስ በርስ በተጣበቁ ቅጠሎች መካከል ነው፤ አደጋ ስታይ ጥቂት ወደ ኋላ ብትልም ርቃ አትሸሽም፣ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ትሸጎጣለች። በእናንተ ፈነል ውስጥ የሆነው ይህ ይመስላል፦ 60 ዋት በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይኛውን ንጣፍ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደ ጥብስ አደረቀው። የደረቀው ቅጠል ተጠቅልሎ ክዳን ሆነ። ከመሐል የነበሩት ስንጥቃቸው ውስጥ እንደተሸጎጡ ሞቁ። የ15 ሳንቲ ሜትሩ ጥቅጥቅ ቅጠል ደግሞ ለ2 ሚሊ ሜትር እንስሳ ረጅም መንገድ ነው። ከታች የወረዱላችሁ ማይቶችና ስፕሪንግቴይሎች ከመጀመሪያውም ወደ ታች የነበሩት ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከእሷ ጋር አይወዳደርም። በአንድ ካሬ ሜትር የጫካ ወለል ማይት በአሥር ሺዎች ሲቆጠር ሐሰተኛ ጊንጥ በአሥሮች፣ ሲበዛ በመቶዎች ነው። እንግዲህ ካስገባችሁት ቅጠል ውስጥ የነበሩት ምናልባት ጥቂት ብቻ ናቸው፤ ጥቂቶቹም አልወረዱም።

ይህን ግምት ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የደረቀውን ቅጠል ካልጣላችሁት አንድ ሊትር ያህሉን በነጭ ዝርግ ሳህን ላይ አፍሱና ቅጠል ከቅጠል እየለያችሁ ተመልከቱ። ጉጠታቸውን ወደ ሰውነታቸው አጥፈው የደረቁ ካገኛችሁ ጥፋቱ የሙቀቱ ፍጥነት ነው። ምንም ካላገኛችሁ ችግሩ ያለው ከመሰብሰቡ ላይ ነው። ጥቃቅን ነጭ የሐር ክፍሎች፣ ከአፈርና ከቅጠል ስባሪ ጋር ተሸምነው ካገኛችሁ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት አለ። ሐሰተኛ ጊንጥ ከመንጋጋዋ ጫፍ ሐር ታወጣለች። ቆዳዋን የምትገፋው፣ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው፣ እንቁላሏንም ይዛ የምትቆየው በዚያ ሐር በሠራችው ድፍን ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ እያለች ምንም ዓይነት ፈነል አያወጣትም። ለዚህ ነው በብርዱ ወራት የተሰበሰበ ቅጠል በፈነል ባዶ ሆኖ በእጅ ሲፈተሽ ሞልቶ የሚገኘው።

እንደገና ስትሞክሩ ከጫካው ጀምሩ።

የረገፈ ቅጠል ወጥ ነገር አይደለም። ከላይ ያለው የዘንድሮው ደረቅና ሙሉ ቅጠል ነው፤ እዚያ ብዙም አታገኟቸውም። ከሥሩ ቅርጹን ማጣት የጀመረ፣ በነጭ የፈንገስ ክር የተጣበቀ፣ ስትገልጡት እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚላቀቅ ንጣፍ አለ። የምትፈልጉት እሱን ነው። ከዚያ በታች ጥቁሩ ብስባሽ ይመጣል፤ በድርቅ ጊዜ እዚያ ድረስ ስለሚወርዱ የላይኛውን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ውሰዱ። ቦታ ስትመርጡ የዛፍ ግንድ ሥር፣ የወደቀ ግንድ ጎን፣ ቅጠል ተንከባሎ የሚከማችበት ጎድጓዳ ይሻላል። ብዛታቸውን ለማነጻጸር ካሰባችሁ 25 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማዕቀፍ እያስቀመጣችሁ ቢያንስ ከ10 ቦታ ውሰዱ። እንስሳቱ ተሰባስበው ስለሚገኙ አንድ ቦታ ብዙ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ባዶ መሆኑ የተለመደ ነው። ከአንድ ትልቅ ቁፋሮ ይልቅ ብዙ ትንንሽ ናሙና የሚመረጠው ለዚህ ነው። ዝርያ ለማወቅ ብቻ ከሆነ ግን ማዕቀፉን ተዉትና ጥሩ የመሰላችሁን ሁሉ አጣሩ።

ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት አትሂዱ። የራሰ ቅጠል በወንፊት አያልፍም፣ ፈነሉ ውስጥም ይላቁጣል። ቅጠሉ ሲጨበጥ እጅን የሚያረጥብ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ ሲሆን ልክ ነው።

ቀዳዳው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት፣ ከሥሩ የጨርቅ ከረጢት አስራችሁ፣ ቅጠሉን እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ በኃይል ነቅንቁ። የተጣበቁትን ቅጠሎች አስቀድማችሁ በእጅ አላቁ፤ ካልሆነ እንስሳዋ ከነቅጠሏ ከወንፊቱ በላይ ትቀራለች። በዚህ ዓይነት ትልልቁን ቅጠልና ጭራሮ ከወንፊቱ በላይ አስቀርታችሁ ሸክማችሁን ትቀንሳላችሁ። የተጣራውን በጨርቅ ከረጢት፣ ከፀሐይ ከልላችሁ ውሰዱት። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ የፕላስቲክ ከረጢት ሙሉውን ናሙና በአንድ ሰዓት ይቀቅለዋል። በዕለቱ መሥራት ካልቻላችሁ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ካለፈ ውስጡ ያሉት አዳኞች እርስ በርስ መበላላት ይጀምራሉ።

ፈነሉን በተመለከተ፣ የላይኛው አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ግድግዳው ቀጥ ያለና ልስልስ ቢሆን ጥሩ ነው። ዘንበል ያለ ወይም ሻካራ ግድግዳ ላይ እንስሳዋ ቆማ ትቀራለች። ቅጠሉን የሚሸከመው ሽቦ ቀዳዳው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጉጠቷን ስትዘረጋ ከሰውነቷ ርዝመት በላይ ስለምትሰፋ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለማይት ቢሆን እንጂ ለእሷ አይሆንም። ቅጠሉ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነጠፍ፤ አትጠቅጥቁት። በቅጠሉ ጠርዝና በፈነሉ ግድግዳ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ተዉ። ያለዚያ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆንና የሚወርዱት ትንንሾች ጠብታው ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ግን ብዙ ድካም የምታድን ነገር አለች፦ ቅጠሉን በሽቦው ላይ ስታፈሱ የመሰብሰቢያው ጠርሙስ ገና አይገጠም። ከሥሩ ወረቀት አድርጉ፣ የሚረግፈውን አፈር ሰብስባችሁ ቀስ ብላችሁ ከላይ መልሱት፣ ከዚያ ጠርሙሱን ግጠሙ። ይህን የዘለለ ሰው ከአልኮሉ ውስጥ ጭቃ ሲለቅም ይውላል።

ሙቀቱን በደረጃ ስጡ። በመጀመሪያው ቀን አምፖል አታብሩ፤ ቅጠሉ በክፍሉ አየር ብቻ ይንፈስበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ባለ15 ወይም ባለ25 ዋት አምፖል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። በቅጠሉ ላይኛ ፊት ላይ ቴርሞሜትር አስቀምጡና ከ35 ዲግሪ እንዳያልፍ ጠብቁ። አምፖሉ የድሮው፣ የሚግለው ዓይነት ይሁን፤ ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ ሙቀት ስለማይሰጥ ሳምንት ቢበራም ቅጠሉ አይደርቅም። ጠቅላላው ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። ሐሰተኛ ጊንጦች ከመጨረሻዎቹ ወራጆች መካከል ስለሆኑ በሁለተኛው ቀን ጠርሙሱን አይቶ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሲያበቃ ቅጠሉ እስከ ታች ድረስ ሲጨበጥ የሚንኮሻኮሽ መሆን አለበት፤ መሐሉ ገና እርጥብ ከሆነ አልጨረሳችሁም።

በጠርሙሱ ውስጥ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሆነ ኢታኖል ይበቃል። ሆኖም በሳምንት ውስጥ ይተናል፤ በየሁለት ቀኑ ጨምሩበት። የአልኮሉ ትነት በፈነሉ አንገት ወደ ላይ ሲወጣ ከታች የደረሱትን መልሶ ሊያሸሻቸው ስለሚችል ጠርሙሱን ከአንገቱ ጫፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይረዳል። በነፍሳቸው ከፈለጋችኋቸው በአልኮሉ ፈንታ የረጠበ ወረቀት አስቀምጡና ጠዋትና ማታ ፈትሹ፤ አብረዋቸው የሚወርዱት ጥንዚዛዎችና መቶ እግሮች አይምሯቸውም።

ኤሌክትሪክ ከሌለበት ቦታ የዊንክለር ከረጢት ይሻላል። የተጣራውን ቅጠል በመረብ ከረጢት አድርጎ በትልቅ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ማንጠልጠልና ከሥሩ አልኮል ያለበት ዕቃ ማሰር ማለት ነው። ሙቀት የለውም፤ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል ይባላል፤ ለሐሰተኛ ጊንጥ ግን ሦስቱም ቀን ያስፈልጋል፣ መሐል ላይም ቅጠሉን አንዴ አውጥቶ አነቃንቆ መመለስ ውጤቱን ያሻሽለዋል።

እንዲህም ሆኖ በእጅ መልቀምን የሚተካ ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ለዝርያ ጥናት ጥቂት ደህና ናሙና ለሚፈልግ ሰው ከአንድ ሳምንት ፈነል የሁለት ሰዓት በእጅ ለቀማ ይሻለዋል። የተጣራውን እፍኝ ያህል በነጭ ሳህን ላይ በስሱ ዘርጉና 2 ወይም 3 ደቂቃ እጃችሁን አሳርፉ። ስትረበሽ እግሯንና ጉጠቷን ሰብስባ ድርቅ ስለምትል ወዲያው የሚያይ ዓይን የአፈር ቅንጣት አድርጎ ያልፋታል። ከቆይታ በኋላ ስትንቀሳቀስ ነው የምትታወቀው። የምትፈልጉት ቅርጽ ሳይሆን አካሄድ ነው፦ ቀስ ያለ፣ የተመጠነ እርምጃ፣ ከፊት የተዘረጉ ሁለት ክንዶች፣ ሲነኳት ድንገት ወደ ኋላ። ለመያዝ ወረንጦ አትጠቀሙ፤ ጉጠቷ ከሰውነቷ ይላቀቃል። ቀጭን የሥዕል ብሩሽ ጫፉን አልኮል አስነክታችሁ ብትነኳት ትጣበቃለች።

ወደ ስሟ እንምጣ። እንዲህ ካለው ጫካ ቅጠል ውስጥ በብዛት የሚወጡት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፦ ከላይ የጠቀስኳቸው ኒዮቢሲዴና ክቶኒዴ። ከመጀመሪያው በጣም የተለመደው በ1804 ሄርማን የተባለ ተመራማሪ የሰየመው ኒዮቢሲየም ካርሲኖይደስ ሲሆን ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቆዩ ጽሑፎች ኒዮቢሲየም ሙስኮረም በሚል ስም ታገኙታላችሁ፤ ሁለት እንስሳ እንዳይመስላችሁ። ከሁለተኛው ቤተሰብ ደግሞ ክቶኒየስ ኢስክኖኬሌስ አለ፤ እሱንም በዚያው ዓመት ያው ሄርማን ነው የሰየመው።

ሁለቱን ቤተሰቦች በ40 እጥፍ በሚያጎላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል። እግሮቹን ሳይሆን የእግሮቹን ጫፍ አንጓ ቁጠሩ፦ ከጥፍሩ በፊት ያለው ክፍል፣ ታርሰስ የሚባለው፣ አንድ አንጓ ነው ወይስ ሁለት? በኒዮቢሲዴ በሁሉም እግሮች ላይ ሁለት ነው። በክቶኒዴ የፊተኞቹ ሁለት ጥንዶች አንድ፣ የኋለኞቹ ሁለት ጥንዶች ሁለት አንጓ አላቸው። በሁሉም እግሮች አንድ ብቻ ካያችሁ ከሁለቱም አይደለችም፤ ብዙውን ጊዜ ከዛፍ ልጣጭ ሥር የመጣች፣ ኬርኔቲዴ ከተባለው ቤተሰብ ወይም ከዚያ ዘመድ ናት። ሌላው ምልክት መንጋጋው ነው። በክቶኒዴ መንጋጋው የጀርባውን ጋሻ የሚያህል ግዙፍ ሲሆን የጉጠቱ ጣቶች ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው፤ ጋሻው ወደ ኋላ ይጠባል። በኒዮቢሲዴ ጋሻው ከፊትም ከኋላም እኩል ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ነው። አራት ዓይን ካላት ወደ ኒዮቢሲየም፣ ሁለት ብቻ ከሆነ በዚያው ቤተሰብ ወዳለው ሌላ ወገን፣ ወደ ሮንከስ ሂዱ። በፎቶ እስከዚህ ድረስ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ከዚህ ወዲያ ግን ፎቶ አይበቃም። ከፎቶ ተነስቶ የዝርያ ስም የሚሰጣችሁ ሰው እየገመተ ነው።

የዝርያ መለያ ሠንጠረዦች የሚሠሩት ላደገ እንስሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማደጓን አረጋግጡ። ከእናቷ ከወጣች በኋላ ሦስት የኒምፍ (ገና ያላደገ እንስሳ) ደረጃዎችን ታልፋለች፤ ሦስቱም ያደገችዋን በመልክ ይመስላሉ፣ መጠን ደግሞ ያሳስታል። የማያሳስተው በጉጠቱ ላይ ያሉት የስሜት ፀጉሮች፣ ትሪኮቦትሪያ የሚባሉት፣ ቁጥር ነው። በእነዚህ ቤተሰቦች አንደኛው ኒምፍ በተንቀሳቃሹ ጣት ላይ 1፣ በቋሚው ጣትና በመዳፉ ላይ 3 አለው። ሁለተኛው 2 እና 6፣ ሦስተኛው 3 እና 7፣ ያደገችው 4 እና 8። ይህ ሥርዓት በጣም ጠቃሚ ነው፤ አንድ ጉጠት ብቻ ወድቆ ብታገኙ እንኳ የባለቤቱን ዕድሜ ደረጃ ይነግራችኋል። ፀጉሮቹን ከተራ ፀጉር የምትለዩት በሚበቅሉበት ሥር ነው፦ ትሪኮቦትሪየም ከትንሽ ጽዋ መሰል ጉድጓድ ይወጣል፣ ቀጭንና ረጅም ነው። ተራው ፀጉር ሥሩ ጠባብ ቀለበት ብቻ ነው። በማይክሮስኮፑ ላይ የብርሃኑን መክፈቻ ጠበብ ካደረጋችሁት ጽዋዎቹ ጎልተው ይወጣሉ። ፀጉሩ ተሰብሮ ቢጠፋም ጽዋውን ቁጠሩት።

ለዚህ ጉጠቱ በደንብ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ከአልኮል አውጥታችሁ መጀመሪያ ግማሽ አልኮል ግማሽ ላክቲክ አሲድ በሆነ ድብልቅ አንድ ሰዓት አቆዩ፤ ከዚያ ወደ ላክቲክ አሲድ ብቻ አዛውሩና በክፍሉ ሙቀት ከአንድ ሌሊት እስከ ጥቂት ቀን ተዉት። በቀጥታ ካስገባችሁት በመዳፉ ውስጥ የአየር አረፋ ይቀርና ምንም አይታይም። በእሳት ማፍጠን የሚፈልግ ሰው ሆዱን ያፈነዳዋል፣ ፀጉሮቹንም ያረግፋል። ከአንድ ጎን ብቻ ጉጠቱን ከነክንዱ፣ መንጋጋውን፣ አንደኛውንና አራተኛውን እግር ለዩ፤ ሌላው ጎን ሳይነካ ይቀመጥ። ክፍሎቹን በስላይድ ላይ በአንድ ጠብታ ላክቲክ አሲድ ወይም ግሊሰሮል አድርጉ። መሸፈኛ መስተዋቱን እንዲሁ ካወረዳችሁት ጉጠቱ ተጨፍልቆ ይዞራል። ስለዚህ ከዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ከ0.25 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቆራርጣችሁ ከሥሩ እንደ ድጋፍ አስገቡ። ቀላል ዘዴ ነው፤ በዚህ ሙያ ያሉት ሰዎች የሚጠቀሙበትም እሱን ነው። ጉጠቱን በጎኑ አስተኙትና ከ100 እስከ 400 እጥፍ አጉልታችሁ ርዝመቱን፣ የተንቀሳቃሹን ጣት ርዝመትና የመዳፉን ስፋት ለኩ። ዝርያ የሚለየው በእነዚህ ልኬቶች ንጽጽር፣ በጣቶቹ ጥርሶችና በትሪኮቦትሪያ አቀማመጥ ነው። ካርሲኖይደስ ከቦታ ቦታ መጠኑ በጣም ይለዋወጣል፤ ከአንድ ናሙና አንድ ልኬት ወስዳችሁ አትወስኑ። ቢያንስ 5 ያደጉ ወንዶችና 5 ያደጉ ሴቶች ይኑሯችሁ። ጾታው ከሆድ ሥር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ላይ ይታያል፤ የወንዱ ውስጣዊ ብልት ውስብስብና ጠቆር ያለ ሲሆን የሴቷ ቀለል ያለ ነው። ከሆዷ ሥር ነጭ የእንቁላል ከረጢት ይዛ ካገኛችኋት እሱን ማየትም አያስፈልግም፤ ከረጢቱን ግን አትንቀሉባት።

ለቅርጽ ጥናት ከ70 እስከ 75 በመቶ ኢታኖል ጥሩ ነው። ዲኤንኤ ካሰባችሁ ከ95 በመቶ በላይ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ። በዚህኛው ሰውነቷ ይደርቅና ስትነኩት እግርና ጉጠት ይረግፋል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ የተሰበሰቡትን ለሁለት መክፈል ይሻላል። ዲኤንኤ ለማውጣት መፍጨት አያስፈልግም። ሙሉ እንስሳውን ፕሮቲን በሚያፈርስ ኢንዛይም፣ በፕሮቲኔዝ ኬ መፍትሔ በ56 ዲግሪ አንድ ሌሊት ብታቆዩት ሥጋው ይሟሟና ቅርፊቱ ይቀራል። የሚገርመው፣ ያ ቅርፊት በላክቲክ አሲድ ከጠራው የማይተናነስ ግልጽ ሆኖ ይወጣል።

ነጥላችሁ ያወጣችኋቸውን ክፍሎች ከቀሪው አካል ጋር በአንድ ትንሽ ብልቃጥ መልሱ። የመለያው ወረቀት ከብልቃጡ ውጭ ሳይለጠፍ ውስጡ ይግባ፤ በእርሳስ ይጻፍ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። አገርና ቦታ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የዛፉ ዓይነት፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደተወሰደ፣ በፈነል ይሁን በእጅ፣ የሰብሳቢው ስም። ለመጀመሪያዋ እንስሳችሁ ይህን ዛሬውኑ ጻፉላት፤ ጨርቅ ላይ የወደቀችበትን ቀን ገና አልረሳችሁትም።